ሄድ መጣ የሚል ኤሌክትሪክ፦ አሮጌ መኪና ላለው ሁሉ

(ለአሽከርካሪዎችና ለጀማሪ መካኒኮች በተዘጋጀ መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ ወገኖቼ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ። ማይክራፎኑም ዛሬ ሄድ መጣ እያለ ነው። የንግግሬን ርዕስ ቀድሞ የሰማ ይመስላል።

ለጋበዛችሁኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። እኔ ተናጋሪ አይደለሁም፤ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት አንገቴን ክሩስኮት፣ ማለት ዳሽቦርድ፣ ሥር ቀብሬ ነው። ንግግሬ ቢጎብጥ አይግረማችሁ፤ ጀርባዬም የጎበጠው እዚያው ነው።

ስትገቡ ግቢው ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ቆማ አይታችኋል። የእኔ ናት። ዛሬ ጠዋት ሆን ብዬ አንድ ብልሽት ደብቄባታለሁ። ትነሳለች፣ ትሄዳለች። አንዳንዴ ግን ድርግም ትላለች። ስጨርስ ከእናንተ መሃል አንዱ ያገኝልኛል። ስለዚህ የምትተኙ ካላችሁ ተራ በተራ ተኙ።

እስቲ እጅ አውጡ። እየነዳችሁ ሳለ ሬዲዮው ዝም፣ ክሩስኮቱ ጨለማ፣ ሞተሩ ጸጥ ያለባችሁ? ከዚያ ቁልፉን አጥፍታችሁ ስትመልሱት ምንም እንዳልተፈጠረ እርር ብሎ የተነሳላችሁ? ኧረ ብዙ ናችሁ! እኔ ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

ወደ ጥገናው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። እየሄዳችሁ ቢጠፋባችሁ መሪው ይከብዳል፤ በጉልበት ግን ይዞራል። ፍሬኑም አንድ ሁለት ጊዜ ያህል እንደ ወትሮው ይይዛል፤ ከዚያ እየደረቀ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬኑን አታርገብግቡት፤ አንዴ ረግጣችሁ ያዙት፣ ዳር ያዙ። ቁልፉን ደግሞ መኪናው ሳይቆም እስከ መጨረሻው እንዳትመልሱት። መሪው ይቆለፋል። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም ይበቃኛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የዚህ ብልሽት ክፋቱ ምንድነው? መጥፋቱ አይደለም። መመለሱ ነው! ቁርጥ ብሎ ቢጠፋ እኮ በአሥር ደቂቃ እናገኘዋለን። ይህኛው ግን መንገድ ላይ ያስለቅሳችኋል፣ ጋራዥ በር ላይ ስትደርሱ ጨዋ ልጅ ይሆናል። ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ ሕመሙ ጥፍት እንደሚልበት ማለት ነው። መካኒኩ ቁልፉን ያዞራል፣ ትነሳለች። ያጠፋል፣ ያስነሳል፣ ትነሳለች። ከዚያ ምን ይላል? «ባትሪ ቀይር።» ባትሪ ይቀየራል። ከሳምንት በኋላ ትጠፋለች። «አልተርኔተር ይሆናል፤ ባትሪውን የሚሞላው።» ይቀየራል። ትጠፋለች። «እንግዲያው ሞተሪኖ፤ ሞተር ማስነሻው።» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይህን።

በሌላ ሰው አልስቅም፤ እኔው አድርጌዋለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሰው አሮጌ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ኮረኮንች ላይ ትጠፋለች አለኝ። ባትሪ አስቀየርኩት። ተመለሰ። አልተርኔተር አስቀየርኩት። ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አለቃዬ ወጡና ሰውየውን አላናገሩትም፣ እኔንም አላናገሩኝም። ጎንበስ ብለው ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን የማሳ ገመድ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን፣ በሁለት ጣታቸው ያዙና ወዘወዙት። ብሎኑ ላልቷል። ሥሩ ደግሞ ቀለም ተቀብቷል። ብሎን አንድ፣ ብርጭቆ ወረቀት አንድ እጅ። አለቀ። ሰውየው ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት ነገር አለ። የሞተ ዕቃ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይነሳም። ጠፍቶ የተመለሰ ኤሌክትሪክ ካያችሁ በአብዛኛው ዕቃው ደህና ነው፤ ሁለት ነገር የሚገናኝበት ቦታ ነው የላላው፣ የዛገው ወይም የተሰነጠቀው። ስለዚህ ዕቃ አትፈልጉ። መገጣጠሚያ ፈልጉ። እደግመዋለሁ፦ መገጣጠሚያ ፈልጉ! ስንት ጊዜ እንደምደግመው ቁጠሩ።

እንግዲህ አራት ነገር ነው የምነግራችሁ። አምስት ከሆነ ይቅርታ።

የመጀመሪያው፦ ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ።

ምን ጠፋ? ሁሉም ነገር ነው የጠፋው ወይስ ግማሹ? ይህ ጥያቄ ብቻውን ሥራውን በግማሽ ይቀንሰዋል። በብዙ አሮጌ መኪኖች የውስጥ መብራትና አራቱም ፍሬቻ አንድ ላይ የሚበሩበት ማብሪያ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከባትሪው በቀጥታ ነው። በማስነሻ ቁልፉ አያልፉም። ሬዲዮ፣ ክሩስኮት፣ የሞተሩ ቦቢና፣ ለሻማው እሳት የሚሰጠው፣ ግን በቁልፉ በኩል ያልፋሉ። ገባችሁ? ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ መኪናችሁ ድርግም ስትልና ዳር ስትይዙ ቁልፉን አትንኩ! እጃችሁ እንደ ልማዱ ወደ ቁልፉ ይሮጣል። ያዙት። መጀመሪያ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። የውስጥ መብራቱን አብሩ።

በሩ? እንግዲያው ባትሪው፣ ሞርሴቶው (የባትሪውን ራስ ከገመዱ ጋር የሚያስረው ብረት)፣ ማሳው በአብዛኛው ደህና ናቸው። ችግሩ ከቁልፉ ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው። አልበሩም? ችግሩ ባትሪው አካባቢ ነው፤ ሞርሴቶ፣ ማሳ ወይም ዋናው ገመድ። የጠፋው የግራ የፊት መብራት ብቻ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ተዉት፤ ምን አደረጋችሁ? የዚያን መብራት መስመር ብቻ ተከተሉ።

ቀጥሎ፦ መቼ ጠፋ? ኮረኮንች ላይ ከሆነ የላላ ነገር አለ። ከሞቀ በኋላ ከሆነና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም የሚግል ሪሌ፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ፣ ጠርጥሩ። ዝናብ ሲመጣ ወይም ስትታጠብ ከሆነ ውኃ የሚገባበት ሶኬት አለ። መብራትና የውስጥ ማራገቢያ አንድ ላይ ስትከፍቱ ከሆነ ደግሞ የጠበበ መንገድ አለ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ደንበኛ ነበሩኝ። ሌላው ደንበኛ «ዝም ብላ ትጠፋለች» ይለኛል። እሳቸው ግን ደብተር ይዘው መጡ። ቀን፣ ሰዓት፣ መንገዱ፣ አየሩ፣ ሁሉም በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። «ልጄ፣ ሰባት ጊዜ ጠፍታለች። ሰባቱንም ጊዜ ወደ ግራ ስትታጠፍ ነው» አሉኝ። እኔ በሆዴ ሳቅኩ፤ መኪና ግራና ቀኝ ያውቃል እንዴ? ኮፈኑን ስከፍት ባትሪው የታሰረበት ብረት የለም። ተነቅሏል። ወደ ግራ ሲታጠፉ ባትሪው ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፣ ገመዱን ይስባል፣ የላላው ሞርሴቶ ይላቀቃል። ቀጥ ሲሉ ይመለሳል። «እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የጠገኗት፤ እኔ ያጠበቅኩት ብቻ ነው» አልኳቸው። በእርማት ደብተር የተጠገነች መኪና ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናንተም ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

ሁለተኛው፦ የባትሪ ራስና ማሳ። እዚህ ትንሽ እቆያለሁ። ምክንያቱም ብዙው ብልሽት እዚህ ነው ያለው፤ ብዙው መካኒክ ግን እዚህ ጋ አይቆምም፤ ቀላል ስለሚመስለው።

ሞተሩን አጥፉና ሞርሴቶውን በእጃችሁ ያዙት። በመፍቻ ሳይሆን በእጃችሁ። ለማዞር ሞክሩ። ዞረ? በቃ፣ ብልሽታችሁን አገኛችሁት ይሆናል። በእጅ የሚዞር ሞርሴቶ ሞርሴቶ አይደለም፤ ባርኔጣ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሰማያዊ ዱቄት ከለበሰ ደግሞ አሲዱ ብረቱን እየበላው ነው። ያ ዱቄት ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም።

ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ። ስትመልሱ ኔጌቲቩን መጨረሻ አስሩ። ለምን? ማሳ የምንለው የመኪናው ቦዲ ራሱ ነው፤ ኔጌቲቩ ከሱ ጋር ተያይዟል። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻችሁ ድንገት ቦዲውን ከነካ ባትሪው ያለውን ኃይል በሙሉ በመፍቻው ላይ ይለቀዋል። መፍቻው ይግላል፣ ይበየዳል። የእጅ ሰዓት ወይም ቀለበት ያደረጋችሁ አውልቁ። ይህን የሚነግራችሁ የግራ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ኔጌቲቩ አስቀድሞ ከወጣ ግን መፍቻው ቦዲውን ቢነካ ምንም አይሆንም።

ለማጠብ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውኃ በጥብጡ። አሲዱን ይገድለዋል፤ ሲፍለቀለቅ ታዩታላችሁ። ባትሪው ክዳን ያለው ከሆነ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። መነጽርና ጓንት አድርጉ። ከዚያ የሞርሴቶውን ውስጠኛ ክፍልና የባትሪውን ራስ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉት። አጥብቁት። ካጠበቃችሁ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀቡት። ከላይ ብቻ፣ ካጠበቃችሁ በኋላ።

ገመዱንም እጠፉት። ጎማው ውስጥ ዝገት የገባበት ገመድ ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ስታጥፉት ይንኮሻኮሻል። ከውጭ ደህና የሚመስል፣ ከውስጥ ግን አረንጓዴ ዱቄት የሆነ ገመድ ስንቱን አሳስቷል መሰላችሁ።

አሁን ማሳ። ኤሌክትሪክ ሄዶ አይቀርም፤ መመለስ አለበት። ከባትሪው በፖዘቲቭ ገመድ ይወጣል፣ መብራቱን ያበራል፣ በቦዲው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሰዉ ሁሉ መሄጃውን ያያል፤ መመለሻውን ማን ያያል? ሞተሩ ደግሞ የተቀመጠው ላስቲክ ላይ ነው። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከባትሪውና ከቦዲው ጋር የሚያገናኙ ወፍራም ገመዶች አሉ። ከነዚያ አንዱ ሲላላ መኪናዋ ታብዳለች። ፍሬቻ ስታበሩ ሌላ መብራት አብሮ ይርገበገባል። የፊት መብራት ስታበሩ የሙቀት መለኪያው ቀስት ይዘላል። ሞተሩ ሳይሞቅ ሞቀ ይላችኋል። ደንበኛው ራዲያተር ሊቀይር ይነሳል፤ ጉዳዩ ግን አንዲት ብሎን ናት።

ከዚህም የባሰ አለ። አንዲት መኪና ስትነሳ የነዳጅ ፔዳሏ ካቦ ይጨስ ነበር። አዎ፣ ካቦው! ባለቤቱ «ጭስ ይሸተኛል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይይዘኛል» ይለኛል። የሞተሩ ማሳ ተቆርጦ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በዚያች ቀጭን የካቦ ሽቦ በኩል ይመለሳል። ሞተሪኖ የሚፈልገውን ኃይል ቀጭን ካቦ ሊሸከም? ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ፔዳሉን ይይዘዋል። ኤሌክትሪክ መንገድ ሲዘጉበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

መፈተሻው ደግሞ ቀላል ነው። ባትሪ ለባትሪ የምታያይዙበት ወፍራም ገመድ አላችሁ አይደል? አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ያልተቀባ ብረት ጋር አስሩ። አስነሱ። ቅድም የምታቃስተው መኪና አሁን በአንዴ ከተነሳች ማሳው ነው። አለቀ። ዕቃ አልገዛችሁም።

ሦስተኛው፦ ሥራ ላይ ያለውን ለኩ።

ይህን እዩ። ከአሮጌ መኪና ያወጣሁት ሶኬት ነው። ውስጡ አረንጓዴ ነው። ከዚህ ባትሪ ጋር አያይዤዋለሁ። ቴስተሬን፣ የቮልት መለኪያዬን፣ በወዲያኛው ጫፍ ላይ ሳስቀምጥ ስንት ይላል? እስቲ አንተ ከፊት ያለኸው አንብብልን። 12.6። ሙሉ ባትሪ! ደህና ነው ማለት ነው? አሁን የፊት መብራት አምፖል ላያይዝበት። እዩት። ቀይ ክር ብቻ። ፍም ነው እንጂ መብራት አይደለም። ቴስተሩ አሁን ስንት ይላል? 5 ነጥብ ምናምን። ሰባቱ ቮልት የት ገባ? እዚያ አረንጓዴ ውስጥ!

ቴስተሩ ለምን አታለለን? ቴስተር ከመስመሩ የሚወስደው ኃይል እንደ ምንም ነው፤ ከአንድ ሚሊዮንኛ አምፔር ብዙም አይበልጥ። ቧንቧን አስቡት። ቧንቧው ተጣቦም ቢሆን ከጫፉ ዝግ ከሆነ ግፊቱ ሙሉ ነው። ስትከፍቱት ነው ጠብ ጠብ የሚለው። ስለዚህ ምንም ሳይበራ፣ ምንም ሳይዞር የተለካ ቮልት አትመኑ። ብዙ ጊዜ እኔ ከቴስተር ይልቅ ተራ አምፖል እመርጣለሁ። አምፖል ይበላል፤ የሚበላ ነገር አይዋሽም። አዲስ መኪና ላይ፣ ኮምፒውተር ያለበት መስመር ላይ ግን አምፖል አትሰኩ፤ ይህ ወግ የአሮጌ መኪና ነው።

ትንሽ ሒሳብ። አይዞአችሁ፣ አንድ ማባዛት ብቻ ናት። ጌኦርግ ኦም የሚባል ጀርመናዊ በ1827 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያሳተመው ነው። የሚያልፈውን አምፔር በመንገዱ ተቃውሞ አባዙት፤ መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይወጣላችኋል። ሞርሴቶው ላይ 0.02 ኦም አለ እንበል። በጣም ትንሽ ናት፤ ተራ ቴስተር በደንብ ለክቶ አይነግራችሁም። 55 ዋት የፊት መብራት 4.6 አምፔር ገደማ ይወስዳል። 4.6 ሲባዛ በ0.02 ከ0.1 ቮልት በታች ነው። መብራቱ ቦግ ይላል። ሞተሪኖ ግን 200 አምፔር ሊወስድ ይችላል። 200 ሲባዛ በ0.02? አራት ቮልት! ከ12ቱ አራቱ ሞርሴቶው ላይ ቀረ። «መብራቱ እኮ ደማቅ ነው፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ስለዚህ ሞተሪኖው ሞቷል» የምትሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሪኖው አልሞተም፤ ርቦታል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ራስ ላይ፣ እርሳሱ ላይ፤ ሌላውን ሞርሴቶው ላይ አድርጉ። አዎ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይራራቁም። ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። አንድ ቮልት፣ ሁለት ቮልት ካሳየ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ። እንደዚሁ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ እስከ ሞተሩ ብረት ለኩ። 0.2 ቮልት አካባቢ እሺ። ግማሽ ቮልት ካለፈ ማሳውን ፍቱና ፈግፍጉ። ባትሪው ራሱ ደግሞ ሲያርፍ 12.6 ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ባዶ ነው በሉት። ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም።

«ታዲያ መንገድ ላይ ብቻ የምትጠፋውን እንዴት እንለካለን?» ትሉኝ ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ውሻውን አስቀድማችሁ እሰሩ! እኔ ሰላይ አምፖል እላታለሁ። ትንሽ አምፖል፣ ረጅም ቀጭን ሽቦና መስመሩ ላይ አንድ ትንሽ ፊውዝ። አንዱን ጫፍ የምትጠረጥሩት ቦታ ላይ፣ ሌላውን ማሳ ላይ አስሩና አምፖሏን ክሩስኮቱ ላይ ለጥፏት። መኪናዋ ድርግም ስትል አምፖሏን እዩ። እሷም ከጠፋች ችግሩ ከሷ በፊት ነው። በርታ ከቀረች ከሷ በኋላ ነው። ነገ አንድ እርምጃ አዛውሯት። በሦስት ቀን ውስጥ ሌባውን ታስሩታላችሁ።

ትዕግሥት ለሌላችሁ ደግሞ ማናደድ ነው። ሞተሩን አስነሱና ገመዶቹን አንድ በአንድ ወዝውዙ፤ ከሚዞር ነገር እጃችሁን አርቁ። ከሞቀ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ሪሌውን አሙቁት። ከዝናብ ጋር ከሆነ ውኃ ርጩበት። ብልሽቱን ራሳችሁ ጥሩት፤ እስኪመጣ አትጠብቁት።

አራተኛው፦ ቁልፉና ፊውዝ ሳጥኑ።

ቁልፋችሁን አውጡ። እስቲ አሳዩኝ። እዩ የኚህን ጋሼ! ቁልፍ ነው ወይስ የመጋዘን ጥበቃ ነዎት? (ሳቅ) ይህ ሁሉ ክብደት በየኮረኮንቹ እየተወዛወዘ ቁልፉ የሚገባበትን ማብሪያ ለዓመታት ይጎትታል። ውስጡ ያሉት ትንንሽ የመዳብ ምላሶች ይበላሉ፣ ይጠቁራሉ። ፈተናው ቀላል ነው፦ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን በጣታችሁ ትንሽ ነካ ነካ አድርጉት። ከጠፋ እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የመኪና ቁልፍ ብቻውን ይሁን።

ፊውዝ ደግሞ የሚቃጠል ነገር ብቻ ይመስለናል። በዓይን ደህና የሚመስል፣ ሽቦው እንደ ፀጉር የተሰነጠቀ ፊውዝ አለ። ከዚህም በላይ ፊውዙ ደህና ሆኖ የተሰካበት ከንፈር የላላ አለ። የፊውዝ ሳጥኑ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ ካያችሁ እዚያ ላይ ሙቀት ነበረ ማለት ነው። በጣም አሮጌ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ያሉትን እንደ ጥይት ሾጠጥ ያሉ ፊውዞች የምታስታውሱ አላችሁ? ጫፋቸው ይዝግና በጣት ስታሽከረክሯቸው መብራቱ ይመለሳል። እሱ ጥገና አይደለም፤ ማባበል ነው። አውጥታችሁ ፈግፍጉት። በፊውዝ ቦታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ብር ወረቀት ያስገባ ካለ ዛሬውኑ ያውጣ። በሱ ቦታ የሚቃጠለው መኪናው ነው።

አንዳንዶቹ መኪኖች ባትሪው አጠገብ ፊውዝ የሆነ ሽቦ አላቸው። ሲቃጠል ሽፋኑ ሳይበላሽ ውስጡ ይቀልጣል። ቀስ ብላችሁ ሳቡት። እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ሽቦ የለም።

ሪሌ ላይ አልቆይም። አጠገቡ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ካለ ቦታ አቀያይሯቸውና ብልሽቱ ተከትሎ እንደሄደ እዩ። ክዳኑን ከከፈታችሁ በማጉያ መነጽር የእግሮቹን ብየዳ ተመልከቱ። እግሩን እንደ ቀለበት የከበበች ቀጭን ጥቁር መስመር ካያችሁ ስንጥቅ ናት። ሲሞቅ ትከፈታለች፣ ሲቀዘቅዝ ትገጥማለች።

አንድ የማልታገሰው ነገር አለ፤ ከፋብሪካ በኋላ የተጨመረ ሽቦ። የሌባ አላርም፣ ሬዲዮ፣ የጌጥ መብራት። ብዙው አላርም የሚሠራው የማስነሻውን መስመር ቆርጦ በመሃል በመግባት ነው። ቆርጠው የቀጠሉት እንዴት ነው? ሁለት ሽቦ ጠምዘዝ፣ ናስትሮ፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ ጠቅለል። ናስትሮው በሙቀት ይለቃል፣ ጥምዝማዙ ይላላል። እና መኪናችሁን ከሌባ የሚጠብቀው ዕቃ መንገድ ላይ ያቆማችኋል። አሮጌ መኪና ስረከብ መጀመሪያ ክሩስኮት ሥር ገብቼ የማየው ናስትሮ ነው። ናስትሮ ያለበት ቦታ የሰው እጅ ገብቷል።

አምስተኛ ሆነ መሰለኝ። አልተርኔተር፣ እኛ ጋራዥ ዲናሞ የምንለው። በአጭሩ፦ ዲናሞ ሲደክም መኪና ድርግም አይልም። መብራቱ እየደበዘዘ፣ ፍሬቻው እየዘገየ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሞተው። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካገኛችሁ ዲናሞው በአብዛኛው ሥራውን እየሠራ ነው። አንዳንዴ ቢቀንስ ቺንጋውን፣ ማለት ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ እና ውስጡ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ካርቦን እዩ። በሌሊት ቆማ ባትሪ የምትጨርስ መኪና ደግሞ ሌላ በሽታ ናት፤ እሷን ሌላ ቀን።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው» የሚል ፈተና አለ። ጋሼ ፈገግ አሉ፤ አድርገውታል መሰለኝ። በድሮው፣ በእውነተኛው ዲናሞ ዘመን የተለመደ ነበር። አልተርኔተር ከ1960ዎቹ ጀምሮ መኪናው ላይ ሲገባ ግን ጨዋታው ተቀየረ። ባትሪው ትራስ ነው። ትራሱን በድንገት ስትነጥቁት ቮልቱ ወደ ብዙ አሥሮች ይዘልና ዳዮዱን፣ ሬዲዮውን፣ ኮምፒውተር ካለ ኮምፒውተሩን ይዞ ይሄዳል። አንድ ብልሽት ፍለጋ ሄዳችሁ ሦስት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ጋሼ፣ ከዛሬ በኋላ የለም፤ ተስማማን? እግዜር ይስጥልኝ።

በቃ፣ ወሬው ይበቃል፤ መኪናዋ ውጭ እየጠበቀችን ነው። ይኸው ቴስተር፣ ይኸው አምፖል፣ ይኸው ቁልፍ። ማን ይምጣ? አንቺ ነይ እህቴ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትጽፊ አይቼሻለሁ። ኮፈኑን ከመክፈትሽ በፊት ግን ምን ትጠይቂኛለሽ?

«ድርግም ስትል የውስጥ መብራቷ ይበራል?»

አይበራም። ምንም አይበራም።

«እንግዲያው ቁልፉን አልነካም። መጀመሪያ እጄን ሞርሴቶው ላይ ነው የማደርገው።»

ሰማችኋት? ተነሱ፣ እንውጣ። ቀለበትሽን ግን አውልቂ።